ከጥፍር የምታንስ በር

የመጣሁት በዳሽቦርዴ ላይ በበራች አንዲት ቢጫ መብራት ምክንያት ነው። ጎሚስታው መኪናዋን በክሪክ አነሣ፣ ጎማውን ፈታ፣ በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ አቁሞ እያዞረ ለረጅም ጊዜ አየው። ምስማር የለም። ጎማውና ቸርኬው በሚጋጠሙበት ክብ ሁሉ አረፋ የለም። ከዚያ አውጥቶ አስተኛው። በጣቱ ጫፍ የሳሙና ውሃ ነክቶ በቫልቩ አፍ ላይ አኖረ። አንዲት አረፋ ቀስ ብላ አበጠች። የምስር ፍሬ አከለች፤ ፈነዳች። ሌላ ተተካች። ቆጠርኩ፤ ከአንዷ አረፋ እስከ ቀጣይዋ አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር።

«ክዳኑስ?» አለኝ።

ክዳኑ የለም። መቼ እንደወደቀ አላስተዋልኩም።

በአጭር መፍቻ የቫልቩን ውስጥ ፈትቶ አወጣና ወደ ብርሃን አቀረበው። በጥቁሩ የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተጣብቃለች። ከእርሷ በቀር ሌላ ጥፋት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ውስጡ እንዴት ነው የተሠራው?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ከወዳደቀ ዕቃ ቆርቆሮው ውስጥ አንድ አሮጌ የጎማ ቫልቭ መረጠ፣ ሞርሳ ላይ አሰረ፣ ከላይ እስከ ታች በሰጌቶ ለሁለት ሰነጠቀው። ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰና በጨርቅ ጠርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ይኸው ልጄ፣ አሁን እየው።»

የተሰነጠቀው ቫልቭ ሁለት ነገር ነው፤ ነሐስና ጎማ። ነሐሱ ቀጭን ቧንቧ ሆኖ በመሐል ያልፋል። ጎማው ከውጭ ለብሶታል። የተጣበቁት በሙጫ እንደተያያዙ ሁለት ዕቃዎች አይደለም፤ ጎማው ነሐሱ ላይ እንዳለ በሙቀት ስለበሰለ መለያያቸው ከመስመር አይወፍርም። በብዙ የቤት መኪናዎች ላይ የሚገባው ዓይነት ከቸርኬው ውጭ የሚቀረው ርዝመቱ 32 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቸርኬው ላይ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋቱ 11.5 ሚሊሜትር ነው። የጎማው ታች ግን ከቀዳዳው ይሰፋል። ከዚህ ሰፊ ታች ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር አንገት አለ። ጎሚስታው ቫልቩን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲስበው ጎማው ይጨመቃል፣ ያልፋል፣ ከዚያ አንገቱ የቸርኬውን ቆርቆሮ ይነክሳል። ብሎን የለውም፤ ሙጫም አይፈልግም።

ትኩረቴን የሳበው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በጎማው ውስጥ ያለው አየር የቫልቩን ሰፊ ታች ወደ ውጭ ይገፋዋል። በተገፋ ቁጥር ጎማው ቀዳዳው ላይ ይበልጥ ይጠብቃል። ሊያመልጥ የሚሻው አየር መውጫውን በገዛ እጁ ይዘጋል።

ይህ ሐሳብ በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም የተሠራበት። እየፈለግሁ ስሄድ ሦስት ጊዜ አገኘሁት።

ሁለተኛው በቫልቩ ውስጥ ነው። ከቧንቧው ተፈትቶ የሚወጣውን ትንሽ ዕቃ የቫልቩ ልብ ልበለው። ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከላይ ጥርስ ያለው የነሐስ ራስ አለ፤ መፍቻው እንዲይዘው ሁለት ጎኑ ተሞርዷል። ከራሱ በታች ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ በርሜል አለ፤ ወገቡን አንድ ቀለበት ታጥቋል። በሁሉም መሐል መርፌ የመሰለ ዘንግ ያልፋል። በዘንጉ ታች ትንሽ ሲኒ አለች፤ በሲኒዋ ውስጥ ጥቁር የጎማ ቀለበት ተቀምጧል። እዚህ በያዝኩት ላይ ሞላው በበርሜሉ ውስጥ ተደብቋል፤ ሥራው ዘንጉን ወደ ላይ መሳብ ነው።

ማሸጊያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው። በበርሜሉ ወገብ ያለው ቀለበት አይንቀሳቀስም። ልቡ ሲጠብቅ፣ በቧንቧው ውስጥ ከተሠራው ሾጣጣ መቀመጫ ላይ ተጭኖ ይቀራል። በሲኒዋ ያለው ግን ይንቀሳቀሳል፤ የበርሜሉን የታች ከንፈር ይዘጋል፣ ይከፍታል። በሩ ይህ ነው። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ያንሳል።

ኮምፕረሰሩ ሲሰካ በአፉ ያለው መግፊያ ዘንጉን ይጫናል፤ ሲኒዋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ አየር ይገባል። ሲነቀል ሞላው ሲኒዋን ይመልሳታል። ሞላው ግን ደካማ ነው፤ በጥፍር ሊጫኑት ይቻላል። ደካማ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። የእርሱ ድርሻ በሩን መልሶ ማስጠጋት ብቻ ነው። አጥብቆ የሚዘጋው በውስጥ ያለው አየር ነው፤ ሲኒዋን ከታች ወደ ላይ ይገፋታል። ጎማው በተሞላ መጠን በሩ ይጠብቃል።

የልቡ ጥርስ ከቧንቧው ውጫዊ ጥርስ ይለያል። በውጭ፣ ክዳኑ የሚገባበት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጥርስ አለ። በውስጥ፣ ልቡ የሚገባበት፣ 36 ነው። ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት በውጭ ከ0.8 ሚሊሜትር ትንሽ ያንሳል፤ በውስጥ 0.7 ነው። ደቃቅ ጥርስ መሆኑ ምክንያት አለው። ልቡ አንድ ዙር ሲዞር ከ1 ሚሊሜትር በታች ብቻ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ሳይቆረጥ ቀስ ብሎ ይጨመቃል። ጎሚስታው የሚያጠብቀው በሁለት ጣት ነው፤ ክንዱን አያስገባበትም። ሲጨርስ የመርፌው ራስ ከቧንቧው አፍ ጋር እኩል ሆኖ ይቆማል። ከዚያ ከዘቀጠ ኮምፕረሰሩ አይነካውም፤ ከወጣ ደግሞ ክዳኑ ይጫነዋል።

ይህን ቅርጽ ያወጣው ድርጅት መሥራች ኦገስት ሽሬደር ነው። ከጀርመን ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የጎማና የነሐስ ዕቃ የሚሠራ ሱቅ ከፈተ፤ የጠላቂ ዋናተኞችን የራስ ቁርም ይሠራ ነበር። ከውሃ በታች አየርን ማስገባትና ማገድ የለመደ ሱቅ ነው። የቫልቩ ፓተንት የተሰጠው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚሞላውን ጎማ በፓተንት ካስመዘገበ አምስት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ዛሬም ያው ጥርስ፣ ያው መርፌ፣ ያው ሲኒ ናቸው። የብዙ ብስክሌት፣ የሞተር፣ የቤት መኪና አፍ አንድ ስለሆነ ጎሚስታው አንድ ኮምፕረሰር ይበቃዋል። በመኪናችሁ የአየር ማቀዝቀዣ ቧንቧ ላይ ጋዝ በሚሞላበት ቦታም ይህንኑ የመሰለ ልብ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው በጎማውና በቸርኬው መጋጠሚያ ነው። ካላማዳሪ በሌለው ጎማ አየሩን የሚይዘው ይህ ክብ መስመር ነው። በጎማው የውስጥ ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ ጥቅል አለ፤ አይለጠጥም። ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት መደብ ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ በ5 ዲግሪ ይነሣል። አየር ሲገባ ጠርዙ ይህን ዳገት እየወጣ ይሄዳል። ሽቦው ስለማይለጠጥ በወጣ ቁጥር ይጠብቃል። በመጨረሻ ትንሿን ጉብታ ዘሎ ይቀመጣል። ጎሚስታ ቤት የቆመ ሁሉ የሚያውቃት «ጧ» የምትል ድምፅ ያን ጊዜ ትሰማለች። እዚህም አየሩ ራሱን አሰረ።

ሦስቱም በሮች በአንድ ሕግ ስለሚሠሩ አንድ ድካም ይጋራሉ። አየሩ ሲቀንስ የሚዘጋቸው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። የሞላ ጎማ ራሱን ይጠብቃል፤ የጎደለ ጎማ ጠባቂውም ጎድሏል።

ጎማ ደግሞ ይጎድላል። ሦስቱ በሮች ፍጹም ቢዘጉ እንኳ አየር በራሱ በጎማው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ጎማ ረጃጅም ሰንሰለቶች የተጠላለፉበት ነገር ነው፤ በመሐላቸው ክፍተት አለ፤ ሰንሰለቶቹም ይወዛወዛሉ። የአየር ሞለኪውል ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይወጣል። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ይፈጥናል። ይህን ለማዘግየት በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቡቲል ከሚባል ጎማ የተሠራ ቀጭን ንጣፍ ይለጠፋል። ቡቲልን በ1937 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት በኒው ጀርዚ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ስፓርክስና ሮበርት ቶማስ ናቸው። በሰንሰለቱ ላይ፣ በየሁለት ካርቦኑ፣ ሁለት ሁለት ትናንሽ ቅርንጫፎች ተቀጥለዋል። ተጨናንቀው ስለሚቀመጡ ሰንሰለቱ እንደልቡ አይወዛወዝም፤ ክፍተቱም ይጠባል። ከዛፍ ከሚገኘው ጎማ ጋር ሲነጻጸር አየር በቡቲል ውስጥ የሚያልፈው በብዙ እጥፍ ቀንሶ ነው። ቢሆንም ማለፉ አይቀርም። ምንም ጉዳት የሌለበት ጎማ በወር ከ1 እስከ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያጣል።

ሌላው ጉድለት መፍሰስ አይደለም፤ ቅዝቃዜ ነው። አየሩ ያው ነው፣ ግን ሲቀዘቅዝ የሚገፋው ቀንሶ ነው። በ20 ዲግሪ 32 ተሞልቶ የነበረ ጎማ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ የሚኒሶታ ማለዳ ቢለካ 27 ያህል ያሳያል። አንዲት ሞለኪውል እንኳ አልወጣችም። በዚህ ላይ ያው ጎማ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየወሩ 1 እያጣ መጥቶ ከሆነ ወደ 24 ይጠጋል። ያች ቢጫ መብራት በክረምት መግቢያ በብዙ መኪና ላይ በአንድ ሳምንት የምትበራው ለዚህ ነው። ምስማር የሚፈልግ ምስማር አያገኝም።

በእኛ አገር የሚያሳስበው ብርድ ሳይሆን ከፍታ ነው። በእጅ የሚያዘው መለኪያ የሚነግረን በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ሁሉ አይደለም፤ ውስጡ ከውጭው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በባሕር ጠለል የውጭው አየር 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ይጫናል። በአዲስ አበባ ከፍታ 11 አካባቢ ነው። የዓባይን በረሃ እናስብ። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ ድልድዩ ጋ 1,050 ገደማ ነው። በዚያ ቁልቁለት የውጭው አየር ግፊት ከ10.8 ወደ 13 ያድጋል። ስለዚህ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ላይ 32 የሞላነው ጎማ ታች ከ30 በታች ባሳየ ነበር። ግን ሙቀቱ ይለወጣል። ላይ 15 ዲግሪ ከነበረ፣ ታች 30 ይሆናል። በውስጡ ያለው ሙሉ ግፊት ከ42.8 ወደ 45 ይወጣል። 13 ሲቀነስ 32 ይቀራል። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰ። ይህ የፍሬኑንና የመንገዱን ሙቀት ሳይቆጥር ነው። ወረቀት ላይ አስልቼ መልሱ እኩል ሲመጣብኝ ደግሜ አሰላሁት።

ጎሚስታው ከመሳቢያው ሌላ ዕቃ አወጣ። ባትሪዋ አልቆ የተጣለች የጎማ ግፊት ሴንሰር ናት። በእኔ መኪና ውስጥ ያለችውም እንዲሁ ያለች ናት። ጥቁር የፕላስቲክ ቤት፣ ከክብሪት ሣጥን የምታንስ፣ በአንድ ጫፏ የአሉሚኒየም ቫልቭ የተሰካባት። ሚዛኗ 30 ግራም ገደማ ነው። ሆዷ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ የቸርኬውን ጉድጓድ ቅርጽ ተከትላ እንድትተኛ ነው። በጀርባዋ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። አየሩ የሚሰማት በዚያ ነው።

በቀዳዳዋ ውስጥ የሲሊከን ቅንጣት አለች። በቅንጣቷ ላይ እጅግ የሳሳ ቆዳ ተቀርጿል፤ ከኋላው ባዶ የሆነ፣ አየር የወጣለት ክፍል አለ። ግፊት ሲመጣ ቆዳው ወደ ባዶው ይጎብጣል። በቆዳው ጠርዝ አራት የኤሌክትሪክ ተቃዋሚዎች ተቀምጠዋል። ቆዳው ሲጎብጥ የሁለቱ ተቃውሞ ይጨምራል፣ የሁለቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያሳልፉት ኤሌክትሪክ ይለያያል፤ ልዩነቱ ቁጥር ይሆናል። ሙቀት ሲሊከኑንም ስለሚነካው አጠገቡ የሙቀት መለኪያ አለ። ሌላ አንድ ክፍል ደግሞ እንቅስቃሴን ይሰማል። መኪናው ሲቆም ሴንሰሯ ትተኛለች፤ ጎማው መዞር ሲጀምር ትነቃለች። ስትነቃም ሁልጊዜ አትናገርም። በየደቂቃው ገደማ አንድ አጭር መልእክት ትልካለች፤ በድንገት አየር ከወጣ ግን ተራዋን አትጠብቅም። ብዙውን ጊዜ ለሰሜን አሜሪካ በተሠሩት በ315 ሜጋኸርትዝ፣ ለአውሮፓ በተሠሩት በ433.92 ሜጋኸርትዝ ትናገራለች። በመልእክቷ ውስጥ የራሷ መለያ ቁጥር አለ፤ የጎረቤት መኪና ጎማ የእኔን መብራት እንዳያበራ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጠባ ለባትሪዋ ነው። ባትሪዋ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ናት፤ 3 ቮልት ናት። ከ5 እስከ 10 ዓመት ታገለግላለች። መቀየር አይቻልም፤ ቤቷ በሚጠነክር ሙጫ ተሞልቶ ታሽጓል። ፋብሪካው እንዲህ ያደረገው ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ስሌት ይበቃል። ከመሬት እስከ መሐሉ 31 ሳንቲሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሄድ በሰከንድ 14 ጊዜ ይዞራል። ከመሐል በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ያለችው ሴንሰር ክብደቷን ከ160 እጥፍ በላይ ሆኖ ትሸከማለች። መዳፌ ላይ 30 ግራም የሆነችው፣ በዚያ ፍጥነት 5 ኪሎ ያህል ናት። በውስጧ የሚንቀሳቀስ፣ የሚላላ ነገር መኖር አይችልም።

ስለዚህ አገጣጠሟም ሥርዓት አለው። በቫልቩና በቸርኬው መካከል ያለው የጎማ ቀለበት የአንድ ጊዜ ነው፤ ጎማው በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። ነቱ የሚጠብቀው ፋብሪካው በጻፈው ልክ፣ የጉልበት መለኪያ ባለው መፍቻ ነው። ካለፈ ቀለበቱ ይቆረጣል፤ ካነሰ አየር ይወጣል። የልቡም ዓይነት ይለያል። ቫልቩ አሉሚኒየም ስለሆነ በኒኬል የተለበጠ ልብ ይገባለታል። ተራ ነሐስ ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉ፤ ከጊዜ በኋላ ልቡ ላይፈታ ይችላል። ክዳኑም ለዚሁ ሲባል ፕላስቲክ ነው።

ከሲሊከኑ ቆዳ ኋላ ያለው ክፍል ባዶ መሆኑ ለእኛ ትርጉም አለው። ሴንሰሯ የምትለካው ከባዶ ጀምራ ነው፤ ማለትም ሙሉውን ግፊት። የውጭውን አየር የሚቀንሰው መኪናው ነው። የባሕር ጠለሉን 14.7 የሚቀንስ መኪና አዲስ አበባ ላይ ሲነዳ፣ በእጅ መለኪያ 32 የሆነውን ጎማ ዳሽቦርዱ ላይ 28 ተኩል አካባቢ ብሎ ይጽፈዋል። የከፍታውን አየር የሚለካ መኪና ግን 32 ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ባይስማሙባችሁ አንዱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሴንሰር የሌላቸው፣ መብራቷ ግን ያላቸው መኪናዎችም አሉ። የእነርሱ ብልሃት መቁጠር ነው። ለፍሬን ሲባል በየጎማው ጥርስ ያለው ቀለበትና ጥርሱን የሚቆጥር መሣሪያ ቀድሞውኑ አለ። አየር የጎደለው ጎማ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ የበለጠ ይዞራል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። 31 ሳንቲሜትር የነበረው 1 ሚሊሜትር ቢወርድ፣ በአንድ ኪሎሜትር የሚጨምረው አንድ ዙር ከሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ቀለበቱ 48 ጥርስ ካለው ግን ይህ 80 ጥርስ ይሆናል። 80 ሊቆጠር ይችላል። ኮምፒዩተሩ አራቱን ጎማዎች እያነጻጸረ፣ የመታጠፊያውንና የጭነቱን ልዩነት እየለየ ይቆጥራል። ድካሙም ከዚያው ይመጣል። አራቱም እኩል ከጎደሉ የሚነጻጸር የለም። ስለዚህ አዳዲሶቹ የጎማውን ንዝረት ጭምር ያዳምጣሉ፤ አየሩ ሲቀንስ ጎማው የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ይለወጣልና። ጎማ ከተሞላ በኋላ «ከዚህ ጀምረህ ቁጠር» ብሎ የሚያስጀምረው ቁልፍ የሚያስፈልገውም ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በማነጻጸር ስለሆነ ነው።

መብራቷ ራሷም በጥንቃቄ የተሳለች ናት። ተቆርጦ ከፊት የታየ ጎማ ናት፤ ከላይ ክፍት፣ ጎኖቿ ወደ ውጭ የተነፉ፣ ታችዋ እንደ ጥርስ የተቆራረጠ፣ በመሐሏ የቃለ አጋኖ ምልክት። በሁለት መንገድ ትናገራለች። በርታ ከቆየች አየር ጎድሏል። መኪናው ሲነሣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በርታ ከቀረች፣ የታመመው ጎማው ሳይሆን ጠባቂው ነው።

እንዲህ ያለ ጠባቂ በፖርሽ 959 ላይ የታየው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ጎማዎች በመንገድ ላይ እየተበጣጠሱ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የአሜሪካው ሕግ የሚያዘው መብራቷ ጎማው ከተመከረው ግፊት 25 በመቶ ሲጎድል እንድትበራ ነው። የ32 ሩብ 8 ነው። 32 የሚገባው ጎማ 24 እስኪደርስ መብራቷ ዝም ልትል ትችላለች። 26 ላይ ጎማው ከሚገባው በላይ እየተጣጠፈ፣ ጎኑ እየጋለ፣ ጠርዙ እየተበላ ይሄዳል፤ ዳሽቦርዱ ግን ጨለማ ነው። መብራቷ መለኪያ አይደለችም። የመጨረሻዋ አጥር ናት።

ጎሚስታው አዲሱን ልብ ከወረቀቱ አወጣ። በኒኬል የተለበጠውን ነበር የመረጠው። ቧንቧውን በአየር ነፋ፣ ልቡን አስገባ፣ በሁለት ጣት አጠበቀ። ለካ፤ ጥቂት ጨመረ፤ እንደገና ለካ። 32። ቁጥሩን ያነበበው በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው አይደለም፤ ያ ጎማው ሊችለው የሚገባው ከፍተኛ ልክ ነው። የሾፌሩን በር ከፍቶ ከምሰሶው ላይ ካለው ወረቀት ነው ያነበበው። ከዚያ የሳሙና ውሃ በአፉ ላይ አኖረ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። አረፋ የለም።

መጨረሻ ከኪሱ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አወጣ። ገልብጦ ውስጧን አሳየኝ፤ በታችዋ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። አየሩን የሚይዘው ልቡ ነው፤ ክዳኗ አቧራው ልቡ ጋ እንዳይደርስ ትከላከላለች፣ ልቡ ከደከመም ሁለተኛ በር ትሆናለች። በሦስት ዙር ገጠማት።

መኪና ያላችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አራቱንም በእጅ ለኩ፤ ስኮርታውንም አትርሱ። ስትጨርሱ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ።

የእኔ ጎማ አየሩን ያፈሰሰው ያች ክዳን ስላልነበረች ነው።